የአባባ ተፈራ ደረቅ ግድግዳ

ሥራ የጀመርኩት ሰኞ ቀን ነው። በሥራው ላይ የመጀመሪያውን ውሸት የዋሸሁትም በዚያው ሰኞ፣ ገና ምሳ ሳልበላ ነው።

ከዚያ በፊት ሃያ ስድስት ዓመት ለሳኝ ነበርኩ። የለሰንኩት ግድግዳ ሁሉ ጎን ለጎን ቢቆም አዲስ አበባን ያጥራል ብል ግነት ይሆናል፤ ቃሊቲን ግን ያጥራል። ጉልበቴ መወጣጫ እንጨት ላይ አልቆምም ሲለኝ አንድ ወዳጄ፣ “ቃሊቲ ግድግዳ የሚመረምር ቢሮ አለ፤ ሰው ይፈልጋሉ” አለኝ። “ግድግዳ ደግሞ ምን ሆኖ ይመረመራል?” ብዬ ሳቅሁበት። በሳምንቱ ተቀጠርኩ።

ቢሮው ከአንድ የኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫ ሱቅ በላይ ነው። ማዕረጋችን ሦስት ነበር፤ ኢንጂነር፣ መርማሪና ረዳት መርማሪ። ኢንጂነሯ አለቃዬ ሰላም ናት፤ በዕድሜ ልጄ ልትሆን ትችላለች። ረዳት መርማሪው እኔ ነኝ። መርማሪ የሚባል ሰው አልነበረም፤ ወንበሩ ብቻ ነበር።

ኢንጂነር ሰላም መሣሪያዎቹን ጠረጴዛ ላይ ደርድራ አንድ በአንድ አስተዋወቀችኝ። ሁለት መርፌ ያላት የእርጥበት መለኪያ አለች፤ መርፌዎቹ እርጥብ ነገር ሲነኩ ትጮኻለች። ጫፏ ላይ መብራት ያላት እንደ ሽቦ የቀጠነች ካሜራ አለች፤ በትንሽ ቀዳዳ ገብታ የግድግዳውን ሆድ ታሳያለች። ድሪል አለ፣ የእጅ ባትሪ አለ፣ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ አለ። በብልቃጥ የታሸገ ጥጥም አለ፤ ሻጋታውን ነክቶ ወደ ላቦራቶሪ የሚሄደው እሱ ነው።

“እስቲ እዚሁ ቢሮ ግድግዳ ላይ ተለማመድ፣ ጋሽ መኮንን” አለችኝ።

መርፌዎቹን ከመስኮቱ ሥር ሳስጠጋቸው መለኪያዋ ያለማቋረጥ ጮኸች። ኢንጂነር ሰላም ጎንበስ ብላ ግድግዳውን በጣቷ አንኳኳችው። “አየህ፣ ብሎኬቱ ሳይደርቅ ነው የለሰኑት። እርጥበቱን ውስጥ አሽገውበታል። ማን ይሆን እንዲህ አድርጎ የሠራው?”

“እንጃ” አልኳት። “ድሮ የነበረ ሰው ይሆናል።”

የለሰንኩት እኔ ነኝ። የሕንፃው ባለቤት በሐምሌ አጣድፎን፣ አሸዋው እንኳን ርሶ፣ ፎርማናችን ደግሞ “ልስን የማይሸፍነው ነገር የለም፣ ቀጥሉ!” እያለ የለሰንኩት ግድግዳ ነው። መስኮቱን ሳየው ነው የታወሰኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ሻጋታ ስሸፍን ኖሬ አሁን ሻጋታ ፈላጊ ሆኜ መቀጠሬ ራሴንም አሳቀኝ፤ በሆዴ ማለቴ ነው።

የኢንጂነር ሰላም ሕግ አጭር ነው። መጀመሪያ አፍንጫ፣ ቀጥሎ ዓይን፣ ቀጥሎ መርፌ፣ መጨረሻ ቀዳዳ። አፍንጫ የከረመ ሽታ ይፈልጋል። ዓይን ያበጠ ቀለምና የረገፈ ልስን ይፈልጋል። መርፌ እርጥበቱን ይለካል። በመጨረሻ የእርሳስ ውፍረት ያላት ቀዳዳ ይበሳና ካሜራዋ ትገባለች። “ቀዳዳ ሳይበሳ ሪፖርት አይጻፍም” ትላለች። ይህን ዓረፍተ ነገር ያዙልኝ፤ እኔ አልያዝኩትም ነበር።

ሰው ሻጋታን የሚደብቀው እንደ ቤተሰብ ገመና ነው። ካላንደር ከወለሉ አንድ ክንድ ከፍ ብሎ ተሰቅሎ ካያችሁ ባለቤቱን አታስጨንቁት፤ እዚያ ላይ ቀን የሚቆጥር ድመት ብቻ ነው። ሳሪስ አንድ የጨርቅ ነጋዴ መጋዘኑን ስመረምርለት ወደ ጥግ ወስዶኝ፣ “ወንድሜ፣ ወረቀቱ ላይ ሻጋታ አትበል፤ ትንሽ ጤዛ ብለህ እለፈው” ብሎ ለምኖኛል። አቃቂ ደግሞ ካሜራዬን ግድግዳ ውስጥ ስከት ያየች ጎረቤት ጣሊያን የደበቀው ወርቅ ተገኘ ብላ አስወራች፤ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ደጁ በሰው ተጨናነቀ። የተገኘው የአይጥ ጎጆ ነበር። አንድ ሰውዬ ግን እስከ መጨረሻው አላመነኝም፤ ስወጣ ኪሴን ዓይን ዓይኑን ሲያይ ነበር።

እንዲህ እየሳቅሁ ስሠራ ከረምኩና አንድ ቀን ሒሩት የምትባል ሴት ቢሮ መጣች። የእኔ እኩያ ስለሆነች አንቺና አንተ ለመባባል ጊዜ አልፈጀብንም።

አባቷ አባባ ተፈራ አቃቂ፣ ከድሮው የባቡር መስመር አጠገብ ባለ ቤት ብቻቸውን ይኖራሉ። ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የባቡር ፍሬን መርማሪ ነበሩ። ሦስት ወር ሙሉ ሳል አልለቅ ብሏቸው ሐኪም ዘንድ ሲቀርቡ ሐኪሙ፣ “የሚተኙበትን ክፍል አስመርምሩ፤ ሻጋታ ሊኖር ይችላል” አላቸው። ሒሩት ጠቅልላ ወደ ራሷ ቤት፣ ሳሪስ አራተኛ ፎቅ ልትወስዳቸው ፈለገች። እሳቸው ደግሞ፣ “አራተኛ ፎቅ ላይ እርግብ እንጂ ሰው አይኖርም። ከዚህ ቤት የምወጣው ተሸክማችሁ ስታወጡኝ ነው” አሏት።

ሲጨቃጨቁ ከርመው በመጨረሻ ተስማሙ። ግድግዳው ይፍረድ። ቤቱ ታሞ ከተገኘ አባባ ተፈራ ቃላቸውን አክብረው ይወጣሉ፤ ጤነኛ ከሆነ ሒሩት ሁለተኛ ስለ አራተኛ ፎቅ አታነሳም። ፍርዱን የሚያነበው እኔ ነኝ።

ሐሙስ ጠዋት ከሒሩት ጋር ሄድኩ። አባባ ተፈራ ኮትና ክራቫት አድርገው በር ላይ ተቀበሉኝ። ቤቱ ያብረቀርቃል። የልብስ ሳሙና ሽታ ከደጅ ጀምሮ ያውዳል። “እንዴት ያለ ንጹሕ ቤት ነው፣ አባባ!” አልኩ። አፍንጫዬ የዚያን ቀን የሠራው ሥራ ይኸው ምስጋና ብቻ ነው።

መኝታ ክፍላቸው ግድግዳው በሙሉ በዘይት ቀለም የተቀባ ነው። መርፌዎቹን የመጀመሪያው ግድግዳ ላይ ሳደርግ መለኪያዋ ጮኸች። ሁለተኛው ላይ ጮኸች። ሦስተኛው ላይም ጮኸች፤ ከላይም ከታችም። ዝም ያለችው አራተኛው ግድግዳ ላይ ብቻ ነው። ይህ አንድ ትልቅ ቁም ሣጥን የቆመበት፣ ከጀርባው ኋላ የተጨመረ ሻወር ቤት ያለበት የብሎኬት ግድግዳ ነው። ሻወር ቤቱንም ገብቼ አየሁት። ቧንቧውን ስከፍተው አየር ነፋብኝ እንጂ ጠብታ አልወጣውም። “ደረቅ” ብዬ ጻፍኩ።

ድሪሉን ሳወጣ አባባ ተፈራ ከወንበራቸው ተነሡ። “ምን ልታደርግ ነው?”

“ትንሽ ቀዳዳ ነች፣ አባባ። የእርሳስ ታህል።”

“ሟች ባለቤቴ ምስማር እንኳን እንዳልመታበት የከለከለችኝን ግድግዳ አንተ በእርሳስ ልክ ልትበሳው? በል አስገባ ያንን።”

አስገባሁት። ሽማግሌ እየከለከለ እንዴት ይበሳል?

“ሦስቱ ግድግዳዎች ታመዋል” አልኩ። ሒሩት በረጅሙ ተነፈሰች። አባባ ተፈራ መለኪያዬን አገላብጠው አይተው፣ “የታመመችስ ይቺ ናት። ስትጮህ ዋለች፣ ውሃ አጠጣት” አሉኝ። ድምፃቸው ቀልድ ነበረው፤ ዓይናቸው ግን ክፍሉን ጥግ በጥግ ሲዞር አይቼዋለሁ። ሦስት ልጆች ያሳደጉበትን ክፍል እየተሰናበቱት ነበር። አሳዘኑኝ።

ስላሳዘኑኝም ደግነት አማረኝ። “ዕቃ እስኪጠቀለል ድረስ አልጋዎን ወደዚህ እናስጠጋው፤ ከሁሉም ጤነኛው ግድግዳ ይኸኛው ነው” ብዬ አልጋቸውን ከቁም ሣጥኑ ጎን፣ ራስጌውን ከአራተኛው ግድግዳ አስጠግቼ ወጣሁ።

ኢንጂነር ሰላም ሪፖርቱን አንብባ ቀና አለች። “ቀዳዳው የታለ?”

“ሽማግሌው አልፈቀዱም።”

“እሺ፣ ይሁን። ሦስት ግድግዳ፣ ከላይ እስከ ታች እኩል እርጥብ? እርጥበት ወይ ከመሬት ይወጣል፣ ወይ ከጣሪያ ይወርዳል። እኩል አይከፋፈልም እኮ፣ ጋሽ መኮንን። ቤቱን ያጠበው ሰው አለ?”

የልብስ ሳሙናው ሽታ በዚያች ሰዓት ተመልሶ አፍንጫዬን ሞላው።

ቅዳሜ ተመለስኩ። “አባባ፣ ሐሙስ ዕለት ግድግዳውን ወልውለው ነበር?”

“ታዲያስ!” አሉ፣ ኮራ ብለው። “እንግዳ ሊመጣ፣ ያውም ግድግዳ ሊያይ የሚመጣ እንግዳ፣ በአቧራ ልቀበልህ ኖሯል? ከንጋት ጀምሬ በእርጥብ ጨርቅ አሸሁት። ቁም ሣጥኑን መግፋት ስላቃተኝ እሱ ያለበትን ብቻ ተውኩት።”

እንግዲህ መለኪያዬ ሐሙስ ዕለት የለካችው የአባባ ተፈራን እንግዳ አክባሪነት ነው። አራቱንም ግድግዳዎች እንደገና ለካሁ፤ መለኪያዋ ትንፍሽ አላለችም። እሳቸውን አስፈቅጄ፣ ሐሙስ ከሁሉም አብልጦ የጮኸው ግድግዳ ላይ ቀዳዳ በሳሁ። ውስጡ ደረቅ፣ ንጹሕ። አራተኛውን አልበሳሁትም። ቁም ሣጥኑ ለሁለት ሰው ይከብዳል፤ ደግሞስ ሁለት ጊዜ ደረቅ ያለን ግድግዳ ምን ብዬ ልጠርጥረው?

“ቤቱ ጤነኛ ነው!” አልኩ።

አባባ ተፈራ እዚያው ቆመው ለልጃቸው ስልክ ደወሉ። “ሒሩት፣ ግድግዳው ነፃ ወጣ። እርግቦቹን ሰላም በይልኝ!” ሳቃቸው በሳል ተቋረጠ። ሳሉ ከሐሙሱ የጠነከረ መሰለኝ። ከቀዳዳው የወጣው አቧራ ነው ብዬ አለፍኩት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ሰኞ ዕለት፣ ሒሩት ደወለችልኝ። አልጮኸችብኝም፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። “መኮንን፣ አባቴ ሌሊቱን ቁጭ ብሎ ነው የሚያነጋው። ጤነኛ ነው ባልከው ቤት ውስጥ። እሑድ መኪና ይዤ መጥቼ እወስደዋለሁ። እሱም እምቢ ማለት ትቷል።”

እምቢ ማለት ትቷል ያለችው ነው የጎዳኝ። እኒያ ሽማግሌ እምቢ ማለት ከተዉ ምን ቀራቸው?

ማክሰኞ ጠዋት ማንም ሳይልከኝ ሄድኩ። ሰፈሩ ሌላ ሰፈር መስሏል። በየበሩ ጄሪካን ተሰልፏል፣ በየግቢው ባልዲ ይንኳኳል፣ ሴቶች ከአጥር አጥር “ያንቺ ደረሰ?” ይባባላሉ። አባባ ተፈራ ኮት የለም፣ ክራቫት የለም፤ ሱሪያቸውን ሰብስበው በርሜል ይሞላሉ።

“ዛሬስ ግድግዳ አላጠብኩልህም” አሉኝ እያሳላቸው። “ውሃ በሳምንት አንዴ ማክሰኞ ነው የሚመጣልን። ግባና ተቀመጥ፣ ይቺን ሞልቼ መጣሁ።”

ገብቼ አልጋው ላይ ተቀመጥኩና ጀርባዬን ለግድግዳው ሰጠሁ። ከጀርባዬ ስስ ድምፅ ሰማሁ። ጠብ። ጠብ። ጠብ። ጆሮዬን ለጠፍኩ፤ ድምፁ ከግድግዳው ውስጥ ነው። መርፌዎቹን ከወለሉ በላይ፣ ከግድግዳው እግር ላይ አደረግኋቸው። መለኪያዋ ጮኸች። ሁለት ጊዜ ደረቅ ያልኩት ግድግዳ ነው የሚጮኸው።

የጎረቤት ጎረምሶች ጠርቼ ቁም ሣጥኑን ገፋነው። ከጀርባው ክዳን የሌለው የድሮ ሶኬት ቀዳዳ አለ፤ የአባባ ተፈራ ትራስ ከእሱ አንድ ስንዝር አይርቅም። ቀዳዳ መብሳት እንኳን አላስፈለገኝም። ካሜራዋን በዚያው አስገባኋት።

ውስጡ ጥቁር ነው። የብሎኬቱ ሆድ በሙሉ ጥቀርሻ የተቀባ ይመስላል። ከላይ ከቧንቧው መገጣጠሚያ ውሃ ይንጠባጠባል፤ ከታች ነጭ ጸጉር የመሰለ ነገር በቅሏል። ውሃ በሚመጣበት ቀን ይጠጣል፣ ስድስት ቀን ውስጥ ውስጡን ይሻግታል፤ ላዩን የዘይት ቀለሙ አሳምሮ ይዞታል። እኔ ሐሙስና ቅዳሜ እየመጣሁ ባዶ ቧንቧ ስለካ ነበር። ሻጋታው ደግሞ በዚያች የሶኬት ቀዳዳ ሌሊቱን ሙሉ አፍንጫቸው ሥር ይተነፍስባቸዋል።

አባባ ተፈራ እጃቸውን እያደረቁ ገብተው ስክሪኑን አዩ። “ይኼ የእኔ ቤት ነው?”

“የእርስዎ ነው፣ አባባ። አልጋዎን እዚህ ያስጠጋሁት ደግሞ እኔ ነኝ። ይቅር ይበሉኝ።” ፊቴ ጋለ። ሃምሳ ሊሞላኝ ጥቂት የቀረኝ ሰው ነኝ፤ ትንሽ ቢቆጡኝ ኖሮ አለቅስ ነበር።

አልተቆጡም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡና ካሜራዋን አንዴ፣ እኔን አንዴ አዩ። “ሠላሳ አራት ዓመት ፍሬን መርምሬአለሁ” አሉ። “የቆመ ባቡር ፍሬን ሁሌም ደህና ነው። ሲሄድ ነው የሚታወቀው። ውሃ በሌለበት ቀን እየመጣህ ቧንቧ ያለበትን ግድግዳ ስትለካ፣ ይሄ ሰውዬ ምን ዓይነት አዲስ ጥበብ ነው የተማረው ብዬ ገርሞኝ ነበር።”

“ታዲያ ለምን አልነገሩኝም፣ አባባ?”

“መቼ ጠየቅኸኝ? ባለሙያው አንተ ነህ ብዬ ነዋ!”

ወዲያው የሻወር ቤቱን ቧንቧ ከዋናው ዘጋሁና ለሒሩት ደወልኩ። የታመመው ቤቱ ሳይሆን አንድ ግድግዳ መሆኑን፣ እሱም የሚድን መሆኑን ነገርኳት። “ሦስተኛ ፍርድህ ነው፣ መኮንን” አለችኝ።

“ልክ ነሽ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ስህተት ናቸው። ይኼን ግን በዓይንሽ ታዪዋለሽ።” መጥታ አየችው። ስክሪኑን አይታ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

አባባ ተፈራ ጥገናው እስኪያልቅ ድረስ ብቻ ብለው፣ ልጃቸውን አስምለው፣ ወደ አራተኛ ፎቅ ወጡ። ቧንቧውን ከግድግዳው አውጥተን በውጭ በኩል አሳለፍነው። የሻገተውን ብሎኬት አፍርሰን በአዲስ ተካነው። የለሰንኩት ራሴ ነኝ፤ መለኪያዋ ማክሰኞም ሐሙስም ዝም እስክትል ድረስ ግን የልስን ማለስለሻ ፍራታዞዬን አልነካሁም። በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ ደርቆ የለሰንኩት የመጀመሪያው ግድግዳ እሱ ሳይሆን አይቀርም።

በዚያው ሰሞን ለኢንጂነር ሰላም ሦስተኛውን ሪፖርት ሰጠኋት። ሁለቱ ስህተቶቼ ሳይሸፈኑ ተጽፈዋል። አፌን ከከፈትኩ አይቀር ብዬም፣ “የዚህን ቢሮ ግድግዳ የለሰንኩትም እኔ ነኝ” አልኳት።

“አውቃለሁ” አለች።

“እንዴት አወቅሽ?”

“ከደረጃው ሥር ልስኑ ላይ በምስማር ‘መኮንን’ ብለህ ጽፈሃል። ከነዓመተ ምሕረቱ። እስክትነግረኝ ነው የጠበቅሁት።” ከዚያ ባዶውን ወንበር በእግሯ ወደ እኔ ገፋችው። መርማሪ የሆንኩት በዚህ መልክ ነው። ወንበሩ አንድ እግሩ ይንገዳገዳል፤ እስከ ዛሬም አልተሠራም።

አባባ ተፈራ ወደ ቤታቸው ከመመለሳቸው በፊት፣ ሳላቸው ቀለል ብሎላቸው፣ ከአራተኛ ፎቅ ደወሉልኝ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገዋል።

“መኮንን፣ የሒሩት ቡፌ ጀርባ ይሸተኛል። ለእሷ ገና አልነገርኳትም። እዚህ ውሃ የሚመጣው ዓርብ ነው። ዓርብ ና። ግድግዳውንም አላስነካም፤ ሠራተኛዋ ልትወለውል ስትል ጨርቁን ቀምቻታለሁ።”

ዓርብ ሄድኩ። ይሸት ነበር። አባባ ተፈራ በሳምንቱ አቃቂ ገቡ፤ ዛሬም እዚያው ናቸው፣ አያስሉም።

ይህን ሥራ ለምትጀምሩ የምለው ይኸው ነው። መርፌውን ከማውጣታችሁ በፊት የቤቱን ሰው ሁለት ነገር ጠይቁ። ግድግዳው ዛሬ ተወልውሏል ወይ? ውሃ የሚመጣው በየትኛው ቀን ነው? እኔ ሁለቱንም ሳልጠይቅ አንድ ሽማግሌ ከሻጋታ ሥር አስተኝቻለሁ።